እናቴ የመጣችበት ሰሞን

ልጄ የወርቅውሃ ትቆጣኛለች። «እማዬ፣ ልጆቹን በር ላይ እያቆምሽ ዐይናቸውን አትፈትሺ፤ ቤቱን እኮ ኬላ አደረግሽው!» ትለኛለች። እኔ ግን አልተውም። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ወደ መስኮቱ አዞራቸዋለሁ። ብርሃን ሲያርፍበት ብሌናቸው ጥብብ ሲል ካላየሁ ምሳ አይወርድልኝም። ትልቁማ ለምዶታል፤ ገና ሲገባ «አያቴ፣ እንኪ እዪ» ብሎ ዐይኑን በሁለት ጣቱ በልጥጦ ያሳየኛል። እየቀለደብኝ ነው። ይቀልድ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ እንጅባራ የወላጆች ስብሰባ ተጠርተን አንዲት የጤና ባለሙያ መጥታ ነበር። ኤክስታሲ ስለሚሉት ክኒን ነገረችን። ልጃችሁ ወስዶ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ ብላ በጣቷ ትቆጥርልን ጀመር። የዐይኑ ብሌን ይሰፋል። ውሃ ውሃ ይለዋል። እንቅልፍ ያጣል። ገላው ይግላል። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ። እኔ እያንዳንዱን ከአፏ ሳይወጣ አውቀው ነበር። «ከዚያ ደግሞ» አለች ፈገግ ብላ፣ «ድንገት ፍቅር ፍቅር ይለዋል። አቅፏችሁ የማያውቅ ልጅ ሊያቅፋችሁ ይችላል።» ሴቶቹ ሳቁ። «እሱንስ ባገኘሁት!» ያለችም ነበረች። እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ክኒን አይደለም እኔ ያየሁት። የኛ አገር ነገር ነው። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዘመኑ ሰባ ሰባት።

ቤታችን ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ከተማ ገብቶ ሲማር ድስትና ማማሰያ ይዛ የምትከተለው እህት ትኖራለች። ወንድሜ አንዳርጋቸው ዳንግላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ተከታይዋ እኔ ሆንኩ። እናታችን በወሊድ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። «አንቺም ሦስተኛ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ለሱም ሽሮ ትሠሪለታለሽ» አለኝ አባቴ፤ በፈረሱ ኋላ አፈናጥጦ ወሰደኝ።

የተከራየነው እማማ ሀሊሜ ግቢ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ነበር። መደብ፣ የእህል ጆንያ፣ ሦስት ጉልቻ፣ አንድ መስኮት። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያነባል፤ እኔ ጀርባውን አያለሁ። ሌላ የማየው የለም። አገር ቤት የምናወራው አገውኛ ነው። አማርኛዬ ገና ስለነበር የክፍሌ ልጆች አፌን ባላቀቅሁ ቁጥር ይስቁብኛል። ስለዚህ ማላቀቁን ተውኩት። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው ቃል «ቀረበ» ብቻ ነበር፤ እሱም ምግቡን ሳስቀምጥ። ወንድሜ ዞር ሳይል እጁን ይዘረጋል።

ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ይኼን አሁን ነው የማውቀው። አባቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ድንችና ዱቄት ይዞ ሲመጣ የሚያወሩት አንድ ነገር ነው። «ማትሪክን ካለፍክ ዩኒቨርሲቲ ገባህ፣ ማንም አይነካህም» ይላል አባቴ። «ከወደቅህ ግን ስምህ ገበሬ ማህበሩ መዝገብ ላይ አለ። ሊቀመንበሩ ባየኝ ቁጥር ‹ልጅህ እንዴት ነው? ቁመቱ አደገ?› ይለኛል። ለብሔራዊ ውትድርና ነው የሚለካው።» ወንድሜ ፊቱን ወደ መጽሐፉ ይመልሳል። የጎረቤታችን የወይዘሮ ይታይሽ ልጅ በፊተኛው ዙር ሄዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር።

ወደኛ የሚመጣ እንግዳ አንድ ነው፤ ሙሉሰው። ከደብር ደብር ሲዞር ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ፣ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት የገባ፣ ጢሙ የወጣ ተማሪ ነው። ገና በሩን ሳይሻገር፣ «ማናየሽ፣ ይኼ ወንድምሽ መጽሐፉን እያነበበ ነው ወይስ መጽሐፉ እሱን እያነበበው ነው?» ይለኛል። ስሜን የሚጠራ ሰው ስለሆነ እወደው ነበር።

ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ሙሉሰው በጋቢው ሸሽጎ አፏ በጨርቅ የተወተፈች ቅል ይዞ መጣ። እኔ ድንች እየላጥኩ ነው። ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«አእምሮ ይከፍታል እልሃለሁ! አብሾ የጠጣ ተማሪ አንዴ የሰማውን አይረሳም።»

«እሱንማ ሁሉም ይላል። የኔታዎቹ ግን እየመጠኑ፣ እያስጠበቁ ነው የሚሰጡት።»

«እኔ አለሁ አይደል? እኔው እጠብቅሃለሁ።»

«አንተ ጠጥተህ የለ? ታዲያ ሒሳብ ለምን ወደቅህ?»

«እኔማ ሰነፍ ነኝ! አብሾ አእምሮ ይከፍታል እንጂ ለሰነፍ ልብ አይገዛለትም።»

ወንድሜ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቅሏ ውስጥ ያለው ነገር መልካም ነገር መሆኑን በዚያ አወቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉሰው ራሱ በሚያውቀው ስኒ ቀንሶ ሰጠው። መስኮቱን በጆንያ ጋረዱት። «ፀሐይ እንዳታየው፣ ሰውም እንዳያየው። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ካወራሽው ይከሽፋል» አለኝ ሙሉሰው። እኔ ደግሞ ለማን እናገራለሁ?

ወንድሜ መጀመሪያ ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ ውሃ አለ፤ ሰጠሁት። ደግሞ አለ፤ ሰጠሁት። ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ግንባሩን ብነካው እንደ ድስት ክዳን ያቃጥላል፤ ላብ ግን የለውም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ጥቁር ብቻ ሆኖ ነበር፤ ቡናማው ጠፍቶ ከዳር እስከ ዳር ብሌን። እንዲህ ያለ የሚያምር ዐይን አይቼ አላውቅም ነበር። የላም ዐይን። ሰው ሙሉ በሙሉ የሚያስገባ ዐይን።

«እታለም» አለኝ። «ነይ እስቲ።»

ሄድኩ። አቀፈኝ። ራሴን ደረቱ ላይ አድርጎ ፀጉሬን እየዳበሰ የታሪክ መጽሐፉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወርድ ጀመር። ልቡ በጆሮዬ ሥር እንደ ፈረስ ኮቴ ትሮጣለች። ደስ ብሎት ነው አልኩ።

ከዚያ ወደ እህሉ ጆንያ አየና በአገውኛ፣ «እማዬ፣ ግቢ እንጂ፤ ምን አቆመሽ?» አለ።

ሙሉሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጥጉን አየሁ፤ ጆንያውና ጥላው ብቻ ነው። ወንድሜ ግን ያወራል። ይጠይቃታል፤ ይሰማል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ቆይቶ ጣቶቹን አንስቶ ከአየሩ ላይ ቀስ እያለ አንዳች ቀጭን ነገር ይስብ ጀመር፤ ይስባል፣ ያፍተለትላል፣ ይስባል። እናታችን ፈታይ ነበረች። እንዝርቷን ስታሾር እኛ ክሩን እንይዝላት ነበር። አሃ፣ አልኩ፤ ክሯን ይዞላታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነርስ የሆነ የባሌን ወንድም ስለዚህ ነገር ጠይቄው ነበር። አእምሮው የተመረዘ ሰው አየር ይለቅማል፤ የሌለ ክር ይመዛል አለኝ። እናትህም ልትሆን ትችላለች፣ ጅብም ሊሆን ይችላል፤ የታየው ሁሉ ይመጣል አለኝ። ያን ቀን ግን የመጣችው እናቴ ነበረች። ድንቹ ሲበስል ለሦስት ከፈልኩት። የእሷን ድርሻ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩ። አልበላችም። በማግስቱ ለእማማ ሀሊሜ ፍየል ሰጠሁት።

እንዲህ እያለ ሦስት ቅዳሜ ሆነ። ሳምንቱን በጉጉት እገፋዋለሁ። ቅዳሜ ፀጉሬን አበጥራለሁ፤ ቀሚሴን አጥባለሁ፤ እናቴ ስትመጣ እንዳታፍርብኝ። ወንድሜም ከቅዳሜ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ዐይኑ እንደሰፋ ይሰነብታል። መጽሐፉን በእጁ ሙሉ አርቆ ነው የሚይዘው። ዐይኑ በርትቶ ከሩቅ ማንበብ ጀመረ ብዬ ኮራሁ። የዋህ! ቅርቡ ስለጠፋው ነው። ማንበብ አቅቶት ነበር። በቃሉ የሚወርደው ሁሉ ከቅሏ በፊት ያጠናው ነው።

እማማ ሀሊሜ አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ወንድምሽ ምን ሆኗል? ሰላም ብለው እንደ እንግዳ አየኝ። ዐይኑስ! ፍቅር ይዞት ነው? ወላሂ፣ ልጄ ሸዕባን ፍቅር የያዘው ጊዜ ልክ እንደዚህ ነበር፤ ውሃ እየጠጣ ግድግዳ ያያል።»

«ማንበብ በዝቶበት ነው» አልኩ።

«ሚስኪን!» አሉና ከጓዳ ገብተው በወረቀት የተጠቀለለች ስኳር አመጡልኝ። ስኳር በቀበሌ ራሽን የሚሰጥበት ዘመን ነው። «ሻይ አፍይለት። ባዶ ሆዱን እያነበበ ራሱን ያዞረዋል።» እማማ ሀሊሜ የቄስ ተማሪ ነገር ከየት ያውቃሉ? ቢያውቁ ኖሮ ያን ዕለት ያልቅ ነበር።

አባቴ ግን የጎጃም ገበሬ ነው። ሰኞ ቀን ሳይታሰብ መጣ። ወንድሜ እጁን ዐይኑ ላይ ጋርዶ ራሴን አሞኛል አለው። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ሲሄድ ፈረሱን ከአጥሩ እየፈታ ጠራኝ።

«ዐይኑ ልክ አይደለም። የሚጠጣው ነገር አለ?»

«የለም።»

«የቆሎ ተማሪ ጓደኛ አለው ይባላል። ምንም አላመጣለትም?»

«ምንም።»

ልጓሙን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ ፊቴን ያዘ። «በእናትሽ አጽም?»

እንግዲህ ምን ልበል? ብናገር ቅሏን ይሰብራታል። ቅሏ ከተሰበረች እናቴ አትመጣም። ወንድሜም ወደ ግድግዳው ይዞራል። ለእናቴ ስል በእናቴ ማልኩ።

«በእናቴ አጽም።»

«እንግዲያው አንቺን አምኛለሁ» አለና ተፈናጠጠ። ልጅ ይዋሻል ብሎ አያስብም ነበር፤ በአጽም ምሎ የሚዋሽ ትልቅ ሰውም በኛ አገር ብዙ የለም።

በአራተኛው ቅዳሜ ወንድሜ እምቢ አለ። «በቃኝ» አለው ሙሉሰውን። «መጽሐፉ ላይ ጉንዳን ነው የማየው፤ ፊደሎቹ ይሄዳሉ። የጠጣሁት ቀን ያደረግሁትን አንዱን እንኳ አላስታውስም። ወንድሜ፣ እብድ ሆኜ ከማልፍ ጤነኛ ሆኜ ብወድቅ ይሻለኛል። ቅልህን ይዘህ ሂድ።»

«እሺ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ» አለ ሙሉሰው፤ እናቱ ታማ ወደ አዘና ሊሄድ ነበር። ቅሏን ጆንያው ጀርባ ሸጎጣት።

ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። ብሌኑ ተመለሰ፤ ትንሽ፣ የሰው ብሌን። ያነባል። ጀርባውን አያለሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ያቀፈኝ ሰው የት እንደሄደ አላውቅም። ደፍሬ ጠየቅሁት።

«ወንድምዓለም፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?»

ዞሮ አየኝ። «የቷ እማዬ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው።»

ግራ ገባው፤ ከዚያ ተናደደ፤ አሁን ሳስበው የተናደደው ደንግጦ ነው። «እናትሽ ሞታለች። አርፈሽ ሽሮሽን ሥሪ» አለኝ።

ሽሮዬን ሠራሁ።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሻይ አፈላሁ። የእማማ ሀሊሜን ስኳር ሁሉንም ገለበጥኩበት። ቅሏን ከጆንያው ጀርባ አወጣሁ። ሙሉሰው በስኒ ሲሰጠው አይቼ ነበር፤ ግን እናቴ ቶሎ ነበር የምትሄደው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትሄዳለች። ብዙ ካደረግሁት ብዙ ትቆያለች ብዬ አሰብኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሒሳብ ይኼው ነው።

«ምነው መረረኝ?» አለ፣ ዐይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሳ።

«ቅጠሉ በዝቶ ነው፤ ስኳር ግን አለው።»

«ስኳር ከየት አገኘሽ?» አለና፣ ያን ጊዜ፣ ምንም ሳይነካው፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ፈገግ አለልኝ። ጨለጠው።

መስኮቱን በጆንያ ጋረድኩ። ቀሚሴን ቀየርኩ። ጥጉ ፊት ለፊት እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩና ጠበቅሁ።

ወንድሜ ወደ ጥጉ አየና ጮኸ። ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቴን ግን አልነበረም። መደቡ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር። «ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ብይዘው አላወቀኝም፤ ወረወረኝና ጉልቻው ላይ ወደቅሁ። በሩን ገንጥሎ ወጣ። ያን ዐይን ይዞ ወደዚያ ፀሐይ ወጣ! እማማ ሀሊሜ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያሉ ከሱቅ ተወረወሩ። እሱ ሸሚዙን እየቀደደ በዋናው መንገድ ወደ ገበያው ሮጠ፤ እኔ ከኋላው።

ገበያው መሐል አንድ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ብቻ አዩት። «አብሾ ነው!» ብለው ጮኹ። «ያዙት! ጨርቅ ጣሉበት፤ ብርሃን አታሳዩት! የማን ልጅ ነው? ጠባቂ የለውም?» አራት ጎረምሶች ጣሉት። ጋቢ ሸፍነው ተሸከሙት። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ምልክቱን ያውቅ ነበር። ጠባቂው እኔ ነበርኩ።

ስምንት ቀን በጨለማ ቤት ታስሮ ጠበል እየተረጨ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ እርሳስ ይዘው እየተሳሳቁ በግቢያችን አጠገብ ወደ ፈተናው ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ወንድሜ ውስጥ ሆኖ ከንፈሩ ደርቆ ክር ይመዛል።

አባቴ ሲመጣ ልጁ ታስሮ አገኘው። ወደ እኔ ዞረ። «እሷን አትቆጣት፣ አደራ» አሉት እማማ ሀሊሜ፤ «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?» አባቴም «እውነት ነው፣ ምን ታውቃለች» አለ። ስለ አጽሙ አላነሳብኝም። ከዚያ ወዲህ ግን እስኪሞት ድረስ አንድም ነገር አላስማለኝም።

ጥፋቱ ሙሉሰው ላይ ወደቀ። ከአዘና ሲመለስ ተማሪው ሁሉ ከበበው። «እናቴን ሳስታምም ነበር! በቃኝ ብሎኝ ነበር!» እያለ ማለ፤ ማን ይመነው? ያቺን ሳምንት ከዳንግላ ወጣ፤ ሁለተኛ አላየሁትም። እኔ ከእማማ ሀሊሜ ቀሚስ ጀርባ ቆሜ ሲምል አየሁት። ስሜን ይጠራ የነበረው ሰው ነበር።

ወንድሜ ዳነ። ቀጠነ፣ ነገር ይረሳል፣ ደማቅ ፀሐይ ላይ ያለቅሳል፤ ግን ዳነ። ለሚጠይቀው ሁሉ «ራሴ ነኝ የጠጣሁት» ይል ነበር። የማያስታውስ ሰው ሌላ ምን ይላል?

መስከረም ላይ ስሙ ተጠራ። ወደ ሰሜን ሄደ፤ በሁለተኛው ዓመት ለአባቴ የመርዶ ወረቀት መጣለት። ሽኝቱ እዚሁ እንጅባራ፣ ያኔ ቆሰበር በምንላት ከተማ ነበር። መኪኖቹ ቆመዋል፤ ድምፅ ማጉያው ስለ እናት አገር ይለፈልፋል፤ እናቶች በየመኪናው ሥር ያለቅሳሉ። ወንድሜ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ሰፍቶት፣ ከሰልፉ ወጥቶ በእጄ ይዞ ወደ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ወሰደኝና በርከክ አለ።

«እታለም፣ አንቺን ሳላናግር እንዳልሄድ ብዬ ነው» አለኝ በአገውኛ። «ያን ቀን መታሁሽ አሉኝ። ጉልቻ ላይ ጣልኩሽ አሉኝ። በቃኝ ብዬ ነበር እኮ፤ ለሙሉሰው እንኳ ነግሬዋለሁ። እንዴት አድርጌ መልሼ እንዳነሳሁት እንጃ። ከዚያ ወዲህ ራሴን አላምነውም። ውሃ እንኳ ስጠጣ እጄን እጠራጠረዋለሁ።» መዳፉን ገልብጦ አየው። «ትንሽ ልጅ አምጥቼ፣ ብቻዋን አስቀምጬ፣ አስፈራሁ። ይቅር በይኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነበር፤ ሻዩ፣ ስኳሩ። ብናገር ራሱን ማመን ይችል ነበር። ይኼ ብቻ ነበር የቀረለት፤ በእጄ ነበር። ግን ያን ጊዜ አቀፈኝ። ምንም ሳይጠጣ፣ ማን መሆኔን እያወቀ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት አቀፈኝ፤ ልቡም ቀስ ብላ ነበር የምትመታው። ብነግረው እንደሚለቀኝ አወቅሁ።

መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።